ባለቤቱ ያልታወቀ

ሰኞ ጠዋት ነው፤ ግዲኒያ ወደብ ላይ ጭጋጉ አልተነሣም፣
የመርከብ ስንቅ የሚያቀርበው ቢሮ ስልኩ ዝም አላለም፤
"ፋይሉ እምቢ አለ" ይሉኛል፣ "ዓርብ ይከፈት የነበረ፣
ዛሬ በር ላይ ቆሞ 'አላውቃችሁም' እያለ ቀረ።"

ቦርሳዬን አንግቤ ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ፣
ከሁሉ አስቀድሜ ከገመዱ ጀመርሁ።
ገመድ አይዋሽም፤ ወይ ተሰክቷል ወይ ወልቋል፤
ይኸኛው ተሰክቶ አረንጓዴ ዐይኑን ይጠቅሳል።
ሰርቨሩን በስሙ ጠራሁት፣ መለሰ፤
በቁጥሩም ጠራሁት፣ ከስሙ ፈጥኖ ደረሰ።
ሰዓቱ ልክ ነው፣ ዲስኩም አልሞላ፣
ሌላው አቃፊ ይከፈታል፣ የአምናው የካቻምናው ሁላ፤
አንዱ ብቻ ነው፣ አቃፊ ተብሎ ማቀፍ እምቢ ያለው፤
"መግባት ተከልክሏል" ይላል፤ ለምን ብዬ ብጠይቀው
ያንኑ ይደግማል፣ እንደ ዘበኛ፣ ትእዛዙን ብቻ እንደሚያውቀው።

ሥራ አስኪያጁ ኦልገርድ ሰዓቱን እያየ ቆሟል፤
"መርከቡ ማምሻውን ይነሣል፣ ዝርዝሩ እዚያ ውስጥ ተቀብሯል።"
"ተቀብሯል" ሲል አንድ ወንበር ሲጢጥ አለ፤
ከዚያ በቀር ማንም ምንም አላለ።

የመብት ገጹን ገለጥሁ፦ ማን ያንብብ፣ ማን ይጻፍ፣
ማን ይሰርዝ፣ ማን ከደጅ ይለፍ።
ውርስ የሚል መስመር አለ፤ ከላይ ያለው አቃፊ
መብቱን ለታችኛው ያወርሳል፣ እንደ ደግ አሳላፊ።
እዚህ ግን ውርሱ ተቋርጧል። አንድ እጅ፣ አንድ ቀን፣
"የእኔ ብቻ ይሁን" ብሎ፣ በሩን ጠርቅሞብን።
"ባለቤት" ከሚለው ጎን ስም ፈለግሁ፤ ስም የለም፤
ሰረዝ በሰረዝ የቆመ ቁጥር፣ የሰው መልክ የለውም።
ምን እንደሆነ ዐውቃለሁ፤ አካውንቱ የተሰረዘ ሰው
ስሙ ይሄዳል፣ ቁጥሩ ይቀራል፤ ሰርቨር የሚያስቀረው ዐፅሙን ነው።

ዘወር ብዬ፣ ለክፍሉ ሁሉ ጮክ ብዬ ጠየቅሁ
(ይህን ጥያቄ ስንቴ ጠይቄ፣ ቃሉን መች መረመርሁ?)፦
"የዚህ ፋይል ባለቤት ማነው?"
ከመስኮቱ ሥር፣ ከደመወዝ ጠረጴዛ፣ አንዲት ሴት "ሌሼክ ነው፤
ባለቤቴ ነበር" አለች።
ማተሚያው አንድ ወረቀት ተፋ፤ ማንም አልወሰደው።

ያድቪጋ ትባላለች። ሌሼክ በጥር በረዶ ማግሥት
መጋዘን ደጃፍ ወድቆ ቀረ፤ ከያኔ ወዲህ ሦስት ወራት።
ለካስ ከሞተም ወዲያ፣ በየማለዳው፣ ሥራ ይገባ ነበር፤
ቢጫ ወረቀት ላይ ሰፍሮ የይለፍ ቃሉ ምስጢር፣
ዝርዝሩን የፈለገ ሁሉ በሱ ስም ከፍቶ ያነባል፤
ዋናው ቢሮ ዓርብ ማታ፣ ደንቡ ነውና፣ ስሙን ሰርዟል።

መፍትሔው ቀላል ነው፣ መጽሐፍ አያስገልጥ፤
"ባለቤትነቱን ውሰድ" የሚል ቁልፍ፣ ከፊቴ ፍጥጥ።
አንድ ጠቅታ ነው። ጣቴ ግን ማውሱ ላይ ደርቆ አልሄደም፤
እሷ ከኋላዬ ቆማ፣ የሌሼክን ቦታ ልወስድ አልደፈርሁም።

"በእርስዎ ስም ላድርገው?" አልኋት፤
ኦልገርድ ሰዓቱን አየ፤ ግን አላስቸኮላት።
"ለአንድ ደቂቃ ይሁን፤ ከዚያ ለሁሉም ይከፈት"
ብላ ወንበር ጎተተች፣ ተቀመጠች ፊት ለፊት።
ስሟን ጻፍሁ። ቁጥሩ ጠፋ። ያድቪጋ፣ ባለቤት።

ውስጡ ምን ነበረ? አርባ ከረጢት ሽንኩርት፣
የገመድ ጥቅል፣ ቀለም፣ ሁለት መቶ ጥንድ ጓንት።
ደብዳቤ የለም፣ ፎቶ የለም፤ እኔ ጠብቄ ነበር።
እሷ ግን ስክሪኑን ነካች፦ "አየህ? ሽንኩርት ሲጽፍ
ሁልጊዜ አንድ ፊደል ይገድፍ።"
"ይታረም?" አለ ኦልገርድ።
"መርከበኞቹ ለምደውታል" አለች፣ "እንዳለ ይሂድ።"

ከዚያ ለክፍሉ በሙሉ መብት ሰጠሁ፤ ቢጫዋን ወረቀት
ላነሣ ስል ቀደመችኝ፤ አጥፋ ኪሷ ከተተቻት።

ደረጃው ላይ ቆሜ ለድርጅቴ ሪፖርት ሞላሁ፦
ምክንያት፦ ባለቤቱ የለም።
መፍትሔ፦ ባለቤቱ ተገኘች።
የፈጀው ጊዜ፦ ሁለት ሰዓት።
አንዷን ደቂቃ አላስከፈልሁም።